በአደባባይ የተጨበጨበለት ዜማ

ኢየሩሳሌም፣ ቂርያት ሃዮቨል
ነሐሴ 1995 ዓ.ም. በእናንተ አቆጣጠር

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንዴት ከረምሽ እታለም? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ጎንደር ዘንድሮ ዝናቡ በዝቷል ብለሽ ነበርና ጣራሽ እንዳያፈስ ስሰጋ ሰነበትኩ። እኔ የእስራኤል አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። አሁንም መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ የሰው ልጆች አፍንጫ ስጠርግ እውላለሁ። ልጄ ረዑት ቁመቷ በልጦኛል፤ አማርኛዋ ግን ገና ዳዴ ይላል። ከሁሉ አስቀድመሽ የጠየቅሽኝን የልጅሽን የአይቸውን ነገር ወደ መጨረሻ አመጣዋለሁ። እየዘለልሽ ሳይሆን በተራ አንብቢልኝ።

በላክሁልሽ ፎቶ ላይ ያየሽው መድረክ ምን እንደሆነ ጠይቀሽኝ ነበር። በየበጋው ከተማው የሚያዘጋጀው የሙዚቃ በዓል ነው። ሲጀመር በዓልም አይመስልም ነበር። ከኢትዮጵያ ጎዳና ወጥተሽ ሃነቪኢም የሚሉት ጎዳና ላይ ስትደርሺ አንድ የድንጋይ ግቢ አለ። እዚያ ከየትምህርት ቤቱ የተለቀሙ ወንበሮች ተደረደሩ፤ አንድ ድምፅ ማጉያ ተሰቀለ፤ እሱም ከዘፋኞቹ በላይ ይጮህ ነበር። ቶቫ የምትባል እግሯ የማያርፍ ሽበታም አዘጋጅ ሰፈራችን መጥታ ከእናንተ የሚዘፍን ማን አለ ስትል፣ ሰው ሁሉ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። ጎረቤቴ አጥናፉ ማሲንቆውን ይዞ፣ እኔ በሰው ቀሚስ ወጣንና የሰርግ ዘፈን ዘፈንን።

ከዚያ ወዲያ በዓሉ ግቢው አልበቃው አለ። መንገዱ ይዘጋል፤ አውቶቡሱ በሌላ በኩል ይዞራል፤ ከከተማው ዳር ከጊሎ ሳይቀር ሰው ልጆቹን አስከትሎ ይመጣል። በማስታወቂያው ላይ የየሙዚቀኛው ስም ሲጻፍ እኛ ግን "ኢትዮጵያውያኑ" ብቻ ነበርን። ስም የለንም ወይ ብዬ በየዓመቱ ተጨቃጨቅሁ። በመጨረሻ ስሜ ተጻፈ፤ ፊደሉን ቢሳሳቱትም ተጻፈ። አውቶቡስ በሚፈነዳበት በዚያ ክፉ ጊዜ ከተመልካቹ ጠባቂው ይበዛ ነበር። ያኔም አልቀረሁም። ፈርታ ቀረች እንዲሉኝ አልፈለግሁም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ከሦስት ዓመት በፊት መድረክ ላይ ወጥቼ የሰርጉን ዘፈን ልጀምር ስል አልመጣ አለኝ። ከአፌ የወጣው ይህ ነው፦

ሰው ሁሉ ሲመለስ መንገዱ ሲሞላ፣
እኔን የጨነቀኝ የቀረው ነው ኋላ።

እንዲህ ያለ ግጥም የት እንደሚወርድ ላንቺ አልነግርሽም። ቤቴ ውስጥ ድምፄን አውጥቼ እንዳልለው ሽማግሌዎቹ ከልክለውኝ ነበር። ወሬው ከኛ ቀድሞ ጎንደር ይገባል አሉ። እኔም ማንም በማይሰማው ቋንቋ፣ ሺህ ሰው ፊት አልቅሼ ወጣልኝ። ሕዝቡ አጨበጨበ እታለም! ልጆች በጭብጨባው እየዘለሉ ጨፈሩ፤ እንባዬ ላብ መስሏቸዋል። የኛ ሰዎች ብቻ አንገታቸውን ደፉ። እነሱም አፋቸው የታሰረ ነው።

ይኸው ዜማ ተወደደልኝ። በየዓመቱ ያንን ዝፈኝ ይሉኛል። ዘንድሮ ኒር የሚባል ወጣት ኃላፊ ሆኖ መጣና ቢሮው አስጠራኝ። በዓሉን የሚከፍተው ያንቺ ዘፈን ነው፤ ከበሮ ጨምረን፣ ሞቅ አድርገን፣ ሕፃናት ከኋላ እያጨበጨቡ አለኝ። በማስታወቂያው ላይም "የደስታ ዜማ ከጎንደር" ብለው አትመውታል። ረዑትን ለማስተርጎም ይዣት ሄጄ ነበርና አይሆንም በይው አልኳት። እሷ ግን ይሉኝታ ይዟት እናቴ ትንሽ ደክሟታል አለችው። ይህን ያህል ዕብራይስጥ አላጣም! ራሴ ተነሥቼ አልደከመኝም፣ ይህ ዘፈን አይደለም፣ ለቅሶ ነው አልኩት።

እዚያው ቢሮ የነበረችው ቶቫ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ቀጥላ ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ እሷን አልቀየምኩም። ኒር ግን ዓይኑ በራ። ይህማ የተሻለ ነው፣ ለማን እንደተለቀሰ መድረክ ላይ ወጥተሽ ተናገሪ፣ ሬዲዮኑም ይመጣል፣ ሰዉ ልቡ ይነካል አለኝ። ደሜ ፈላ። በዚህ ዓለም ላይ ያንን ስም ከሁሉ በፊት ከእኔ አፍ መስማት የሚገባት አንዲት ሴት አለች፤ እሷ ሳትሰማ ለቲኬት ገዢ አልናገርም ብዬው በሩን ከፍቼ ወጣሁ።

ከዚያው በቀጥታ አያ ዘሩ ቤት ሄድኩ። ከሽማግሌዎቹ ዋናው፣ ዝም በይ ሲሉኝ የኖሩት እሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ነገር በስልክም በወረቀትም አይሆንም፣ በአካል የሚሄድ ሰው እስኪገኝ እንታገሥ አሉኝ እንደ ልማዳቸው። ሰው ተገኝቷል፣ እኔ ነኝ አልኳቸው። ሴት ብቻዋን? አሉ። ሴት ብቻዋን፣ አልኩ። ተነሥተው መረቁኝ።

በበዓሉ ቀን መድረኩ ላይ ወጣሁ። ስሜ ተጽፏልና ቀረች አይሉኝም። በዚያ በተሰባበረ ዕብራይስጤ እንዲህ አልኳቸው፦ ሦስት ዓመት ያጨበጨባችሁለት ለቅሶ ነው፤ አላወቃችሁምና አልፈርድባችሁም፤ ዛሬ ግን አልለውም፤ ባለቤት አለው። እጃችሁን አሳርፉ ብዬ ወረድኩ። ምን ያደርጋል፣ ለዚያም አጨበጨቡ! አጥናፉ ማሲንቆውን በጨርቅ ጠቅልሎ ተከተለኝ። በኢትዮጵያ ጎዳና በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ወደ ታች ወረድን።

እንግዲህ ስለ አይቸው። አንቺ የታመሙትን እናታችንን ጥዬ አልሄድም ብለሽ ስትቀሪ ልጅሽን በእጄ ሰጥተሽኛል። ስትጽፊልኝ ደህና ነው እያልኩ፣ ስትደውዪ ሥራ ላይ ነው እያልኩ ቆይቻለሁ። ያ ቃል የሽማግሌዎቹ ነበር። በዚህ ደብዳቤ አልጽፈውም። ሌላም ቃል አልጽፍልሽም፤ አጠገብሽ ተቀምጬ እጅሽን ይዤ ካልሆነ በቀር አልናገርም። ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ፤ የአውሮፕላን ቲኬቴም ተቆርጧል።

እታለም፣ እኔ እስክደርስ አምላካችን ጉልበትሽን ያጽናው፤ ሰው አያሳጣሽ፤ ሌሊቱን ያሳጥርልሽ። ጎረቤቶችሽ ይወዱኛል፣ አውቃለሁ፤ ከመኪና ስወርድ ግን አንድም ሰው እልል እንዳይልብኝ አደራ።

ታናሽ እህትሽ