የዋናው ጀግና ድክመት

ልጄ፣

ጉንፋኑ ለቀቀሽ ወይ? ባለፈው ቅዳሜ ሦስት ጊዜ ስታስነጥሺ ሰምቼ «ይማርሽ» ልል አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። እናትሽስ ደህና ናት? ጉልበቷን ያማት ነበር፤ ዘንድሮ ደግሞ የከተማችን የኮኩራ ብርድ ጠንቷል። እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ።

ማን እንደሆንኩ ልንገርሽ። ስድስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ በወይዘሮ ቶሚኤ የጨዋታ ቤት፣ ከካርቱን በተሠራው የቡጢ ጨዋታ፣ ከማሽኑ ማዶ ተቀምጦ ዋናውን ጀግና ይዞ የሚገጥምሽ ሰውዬ እኔ ነኝ። ከእናትሽ ጋር ስንለያይ ስምንት ዓመትሽ ነበር። እንደ አገራችን ወግ ሲፋቱ ልጅ ለአንዱ ወላጅ ብቻ ነውና አንቺ ለእሷ ሆንሽ፤ እኔም ሃያ እስኪሞላሽ ላላይሽና ላላናግርሽ ቃል ገባሁ። አንድ ቀን ወይዘሮ ቶሚኤ ከማዶ በስምሽ ሲጠሩሽ ሰማሁ። ከወንበሬ ግን አልተነሳሁም። ማሽኖቹ ጀርባ ለጀርባ ስለሆኑ አልተያየንም፤ እንግዲህ ቃሌን አላፈረስኩም እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

ያን ካርቱን እሑድ ጠዋት ጭኔ ላይ ሆነሽ ስታዪ፣ ከጀግናው ይልቅ አሮጊቷን ዓሣ ሻጭ ነበር የምትወጂው። በጨዋታውም እሷኑ መረጥሽ። ተጫዋቹ ሁሉ የልቡን በሚጽፍበት በቤቱ ደብተር ላይ፣ በአሥራ አራት ዓመትሽ እንዲህ ብለሽ ነበር፦ «ጥሩ ጎኑ፣ ድምፁ የካርቱኑ የራሱ ነው፤ ሥዕሉም ያምራል፤ አሮጊቷ በዓሣ ስትማታ ሆዴን እስኪያመኝ እስቃለሁ። መጥፎ ጎኑ፣ ዋናው ጀግና አለቅጥ ጠንካራ ነው። የካርቱኑ ባለቤቶች ጀግናችን እንዳይዋረድ ብለው ነው መሰለኝ። ምነው፣ እኛስ ሰው አይደለንም?»

ስሜን ሳልጽፍ ከሥሩ መለስኩልሽ፦ «አሮጊቷ ቀርፋፋ ናት፤ ዓሣዋ ግን ሩቅ ይደርሳል። ራቅ ብለሽ ምቺ።» በሳምንቱ ራቅ ብለሽ ድባቅ መታሽኝ። ስትስቂ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ወገቤ ቢቆረጥም ቅዳሜን ቀርቼ አላውቅም።

አንድ ጥፋት ግን አጠፋሁ። ልትሸነፊ ስትይ እጄን እሰበስባለሁ። በእኛ በተጫዋቾች ዘንድ ይህ ከስድብ ይከፋል፤ አውቃለሁ። ግን ካርቱንም ቢሆን የገዛ ልጄን በቡጢ መዘረር እንዴት ይሁንልኝ?

ቤቱ በዚህ ወር መጨረሻ ሊዘጋ መሆኑን ትናንት ወይዘሮ ቶሚኤ ነገሩኝ። ደብተሩን ገፋ አድርገውልኝ፣ «እንካ አንተ ሰው፣ ላንተ ይመስለኛል፤ እኔ አላነበብኩትም» አሉኝ። ውሸታቸውን ነው፤ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። የእጅ ጽሑፍሽን አወቅኩት፦

«ጥሩ ጎኑ፣ ስድስት ዓመት አልሰለቸኝም። መጥፎ ጎኑ፣ የማዶው ጀግና ሊያሸንፍ ሲል እጁን ይሰበስባል። ልጅ ሳለሁ ዝም አልኩ። አሁን ግን በጥር ሃያ ዓመት ሞላኝ። ከእንግዲህ የምን መራራት ነው?»

ደጋግሜ አነበብኩት። ለማያውቁት ሰው ዕድሜ አይነገርም፣ ልጄ። ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽኝ? አልጠይቅሽም፤ እንዳላለቅስ ፈራሁ።

ይህን ደብዳቤ ደብተሩ ውስጥ አኖርልሻለሁ። የፊታችን ቅዳሜ ከማዶ አልቀመጥም፤ ዞሬ እመጣለሁ። ልጆች በሞሉበት ከየትኛዋ ዘንድ እንደምቆም ግን አላውቅም። ቀና ብዬ አይቼሽ ስለማላውቅ የዛሬ መልክሽ እንግዳ ነው። እባክሽ ቀድመሽ አንቺ ጥሪኝ። ምን ብለሽ እንደምትጠሪኝ ታውቂያለሽ።

እስከዚያ ሙቅ ልበሺ፤ እጅሽ አይዛል፤ ሳቅሽ አይጉደል።

አባትሽ