የድቡ ቀጠሮ

ታኅሣሥ 14፣ ረቡዕ

የተለመደ ቀን። ሰው መጣ፣ "ነገ ይምጡ" አልኩ፣ ሰው ሄደ። የኢንሹራንስ ካሳ ክፍል ማለት ይኸው ነው። ዘጠኝ ዓመት እንጀራዬን የበላሁት በሁለት ቃል ነው። ድርቅ ብሎ "ቁርጡን ንገረኝ" ለሚል ደግሞ "ማክሰኞ" እላለሁ። ለምን ማክሰኞ? እኔ እንጃ... የሚታመን ቀን ይመስላል። ማክሰኞ ሲመጡ "የሚቀጥለው ማክሰኞ" ነው።

ጡረተኛው መምህር ዛሬም መጡ። የመኪናቸው የፊት መስታወት ከተሰበረ አራት ወሩ። የጥገና ፈቃዱ ደብዳቤ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ፊርማ ይጠብቃል።

"ማክሰኞ ይምጡ፣ መምህር።"

"እሺ ልጄ።"

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ታኅሣሥ 17፣ ቅዳሜ

የበዓል በጎ አድራጎት ኮሚቴ ተሰበሰበ። (ለበጎ አድራጎት ኮሚቴ አለን፣ ለተቆለለው ፋይል የለንም።) በዓሉ ሳይገባ ሆስፒታል ሄደን የታመሙ ሕፃናትን "እናስደስታለን"። አንድ ሰዓት ተኩል ስለ ባነሩ ቀለም ተከራከርን። ሕፃናቱ ስንት ናቸው፣ ምን ይፈልጋሉ ያለ የለም። እኔም አላልኩ።

ከዚያ የድቡ ነገር ተነሣ። ማስታወቂያችን ላይ ያለው ድብ፣ ደረቱ ላይ "አለሁልዎ!" የተጻፈበት። አምና ልብሱን የለበሰው ሹፌር ጡረታ ወጥቷል። ሁሉም ዞሮ እኔን አየ። የሕዝብ ግንኙነቷ፣ "ቁመትህ ልክ ነው፤ ደግሞ ፊትህ አይታይም" አለችኝ።

ምስጋና ነው ስድብ?

ቤት ገብቼ ለእታለም ነገርኳት። ታላቅ እህቴ ናት፣ አብረን ነው የምንኖረው። ስቃ ስቃ ሲወጣላት፣ "ድቡ ግን ምን በደለ?" አለች።

ታኅሣሥ 26፣ ሰኞ

ሄድን። ከመኪና ስንወርድ የቀለም ፋብሪካ ሰዎች ባነራቸውን ጠቅልለው ሲወጡ ተገናኘን። አንዱ፣ "ፍጠኑ፣ ከእናንተ በኋላ ባንክ አለ" አለን። ወረፋ!

የሕፃናቱ ክፍል ግድግዳ ላይ ቀጭኔ ተስሏል። አንገቷ መሀል የኦክስጅን መሰኪያ ተተክሎባታል። ልጆቹ የቀለም ፋብሪካውን ኮፍያ አድርገው ጠበቁን። የሕዝብ ግንኙነቷ አስወልቃ የኛን አደረገችላቸው። እኔ ድቡ ውስጥ ነኝ... ላብ በላብ። የማየው በአፉ ቀዳዳ ነው፤ ዓለም ከጥርስና ከጥርስ መሀል።

አንዲት ስምንት ዓመት የሚሆናት ልጅ አለች። ፀጉሯ ረግፏል፣ እጇ ላይ የግሉኮስ መርፌ በፕላስተር ተለጥፏል። ነርሶቹ "አለቃ" ነው የሚሏት። ሌሎቹን ልጆች እሷ ናት ያሰለፈቻቸው። ፎቶ አንሺውን፣ "በዚህ በኩል ና፣ ብርሃኑ እዚህ ነው" አለችው። የሚያነክሰውን ሕፃን፣ "አንተ ፊት ሁን፣ አንተን ይወዳሉ" አለችው። እኔን ከላይ እስከ ታች አይታኝ፣ "የአምናው ድብ ቦርጭ ነበረው።"

ሥራ አስኪያጁ ንግግር አደረገ። "ሁልጊዜም ከጎናችሁ ነን። ተመልሰን እንመጣለን!" ጭብጨባ።

"መቼ?" አለች አለቃ።

ሳቀ። "በቅርቡ፣ የኔ ቆንጆ።"

"ቀኑን ነው ያልኩት።"

እናቷ ከአልጋው ግርጌ ተቀምጣ፣ "ተይ እንጂ!" ትላለች በኀፍረት። ልጅቷ ግን ያደገችው እዚህ ነው። እዚህ ቤት "ተመለሱ" ያለ ሁሉ ቀን ጽፎ ካርድ ይሰጣል። ትራሷ ሥር እጇን ከታ በላስቲክ የታሰሩ፣ ያለፈባቸው የቀጠሮ ካርዶች አወጣች። አንዱን ገልብጣ እስክሪብቶ ይዛ ጠበቀች። ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ያይ ጀመር። እሷ ወደኔ ዞረች።

"እሺ፣ ጋሼ ድብ። አንተ መቼ ትመጣለህ?"

አፌን በቆረጠው... "ማክሰኞ" አልኩ። ከድቡ ሆድ ውስጥ።

"የሚቀጥለው ማክሰኞ የጀርባ መርፌ አለኝ" አለች። "ጥሩ ነው። እጄን ትይዛለህ።" ጥር 4 ብላ ጻፈችና ለኔ ሰጠችኝ። የራሷን ግልባጭ አስቀረች። በዚያ ድብልብል መዳፍ አስፈረመችኝ።

መኪና ውስጥ ሥራ አስኪያጁ፣ "እንዴት ያለች ጣፋጭ ልጅ ናት!" አለ። ቀጥሎ ፎቶ አንሺውን፣ "አገኘኻት?"

ለእታለም ነገርኳት። አልሳቀችም። "የምላስ ወለምታ በቅቤ አይታሽም" ብላኝ ሄደች።

ታኅሣሥ 28፣ ረቡዕ

ፎቶው መግቢያው ላይ ተለጠፈ። ካርዱን የዘረጋችበት እጅ ተቆርጧል። ለባነሩ ቦታ ጠበበ መሰለኝ።

ጥር 4፣ ማክሰኞ

ረስቼው ነበር። እውነቱን ልጻፍ እንጂ፣ የሚያነበው እኔው ነኝ።

አራት ሰዓት ላይ ስልክ ጮኸ። መስኮቱ ላይ መምህሩ ቆመዋል፤ ማክሰኞ ነዋ።

"እናንተ ጋ ድብ አለ?" አለች ሴትየዋ። ነርሷ ናት። ልጅቷ አልተኛም ብላለች። ቀጠሮ አለው፣ ይመጣል ብላ በሩን ታያለች። ዶክተሩ የሚጠብቀው እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። መርፌው አከርካሪ ላይ ነው፣ ከተንቀሳቀሰች አደጋ አለው።

ሥራ አስኪያጁ ጋ ሮጥኩ። "ድቡ የኩባንያው ንብረት ነው። በደብዳቤ ጠይቅ።" የሕዝብ ግንኙነቷ ጋ ወረድኩ። ልብሱ ተቆልፎበታል፣ ቁልፉን የያዘው ወጥቷል። "ነገ ና" አለችኝ። ለኔ! ነገ ና!

ያለ ድቡ መሄድ እችል ነበር። አሁን ስጽፈው ግልጽ ነው። ያኔ ግን ወንበሬ ላይ ተመልሼ ስልኩን አነሣሁና... "ለሚቀጥለው ማክሰኞ ብናደርገውስ?" አልኩ።

"መርፌ እንደናንተ ፋይል አይደለም" ብላ ዘጋችብኝ።

መምህሩ በመስታወቱ ቀዳዳ ጎንበስ አሉ። "ልጄ፣ የኔን ማክሰኞ ለሌላ ሰጠህብኝ እንዴ?"

ጥር 5፣ ረቡዕ

ደወልኩ። ተሠርቶላታል። አራት ሰው ይዟት።

አራት ሰው። አንድ ድብ ይበቃ ነበር።

ጥር 18፣ ማክሰኞ

ቀጣዩ መርፌ ዛሬ መሆኑን ነርሷን ጠይቄ አውቄ ነበር። ጥርሴን አሞኛል ብዬ ከሥራ ቀረሁ። በገዛ ፊቴ ሄድኩ። ሸሚዝ ለብሼ፣ ካርዱን ይዤ።

የበዓሉ ፊኛዎች ሟሽሸው አልጋዎቹ ላይ እንደታሰሩ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ባነር የያዘ ሰው ደጃፉን አልረገጠም አለችኝ እናቷ። ድሮስ።

አለቃ አየችኝ። "ማነህ?"

"ድቡ ነኝ።"

"እስቲ ማክሰኞ በል።"

"ማክሰኞ።"

"ራሱ ነው" አለች ለእናቷ። ደስ ያላት አትመስልም። ካርዱን ተቀብላ አየች። "ይኼ አልፎበታል። ስትቀር ማንም አይጠብቅህም፣ እንደገና ትሰለፋለህ። ውጪ ቁጭ በል፣ ስትጠራ ትገባለህ።"

ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር አለ። ተቀመጥኩ። ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት። እግሬ ደነዘዘ፣ ሻይ አማረኝ፣ ብሄድ ትጠራኛለች ብዬ ፈራሁ። ሰው በወጣ ቁጥር ቀና እላለሁ፣ እኔን አይደለም። መምህሩ አምስት ወር ሙሉ እንዲህ ነበሩ?

"ቀጣይ!" አለች በመጨረሻ። ከኔ በቀር ቀጣይ አልነበረም።

በጎኗ ተኛች፣ ጉልበቷን አገጯ ድረስ ሰብስባ። እጄን ሰጠኋት። "ዓይንህን ጨፍን" አለችኝ፣ "ጀማሪ ነህ።" ጥፍሯ መዳፌ ውስጥ ገባ። አልተንቀሳቀሰችም። ሌላ ማንም አልያዛትም።

አለቀስኩ። ይኸው፣ ጻፍኩት።

"ድብ ሳለህ ትሻል ነበር" አለች።

የካቲት 2፣ ማክሰኞ

ሌላ ጥርስ አመመኝ። መዳፌ ላይ አራት ጥፍር። እታለም ቅባት ሰጠችኝ።

የካቲት 12፣ ዓርብ

ለማክሰኞ በወግ ፈቃድ ልጠይቅ አልኩ። ጥርሴ ሊያልቅ ነው። ምክንያት በሚለው ላይ "የሕክምና ቀጠሮ" ብዬ ሞላሁ። ማስረጃ አያይዝ ይላል፤ አዲሱን የቀጠሮ ካርዴን አያያዝኩ። አለቃ በእስክሪብቶ ክብ ማኅተም አድርጋበታለች፣ መሀሉ ላይ ድብ። ከሥሩ "እንዳትቀር" ይላል።

ሥራ አስኪያጁ ስልክ ላይ ነበር። ለሚመጣው በዓል አዲስ ድብ ሊያሠራ... ትልቅ፣ ዓይኑ የሚበራ። የተቆለለውን ፋይል አየሁ። የመምህሩ ደብዳቤ ከመሀል ጫፉ ብቅ ብሏል። መዝዤ ከፈቃዴ ሥር አስገባሁት። ቀና ሳይል ፈረመ። ገለጥኩለት። ደግሞ ፈረመ። በማስነጠሻ ጊዜ አለቀ።

ስድስት ወር! እሱ ያኔም እስክሪብቶ ነበረው። እኔም እግር ነበረኝ።

መምህሩ ስደውልላቸው ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጡ። ደብዳቤውን በቀዳዳው አሳለፍኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። አላመኑኝም።

"ታዲያ ማክሰኞ አልምጣ?"

"ማክሰኞ አይምጡ፣ መምህር። እኔም የለሁም። ቀጠሮ አለኝ።"