ለድፍን ቁጥር የተሰጠ ምሳሌ

ወሎ ሰፈር፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 3 ቀን 1970 ዓ.ም.

ይድረስ ኪየቭ ላለችው ለምወድሽ ልጄ ለሣባ፤

እንደምን ከረምሽ? እናትሽ ብርኽቲ ጉልበቷን ያማታል፤ ሌላው ደህና ነው።

እጮኛዬ ጉዲና ለምን አይጽፍልኝም ብለሽ ጠይቀሻል። ከሌላ ከምትሰሚው እኔ ልንገርሽ።

የሒሳብ ቃላትን ወደ አማርኛ የሚመልሰው ኮሚቴ ጸሐፊ መሆኔን ታውቂያለሽ። አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ካለው የኮምፒዩተር ክፍል ጉዲናን አስመርጬ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ካርድ አለን። ቃሉ ይጻፋል፤ ከኑሮ የተወሰደ ምሳሌ ይከተላል፤ ከታች ቃሉን ያመጣው ሰው ስም ይሰፍራል። ስሙ እንዲጻፍ ደንብ ያወጣሁትም እኔ ነኝ። የሰው ድካም ሳይታወቅ እንዳይቀር ብዬ ነበር።

በየካቲት ኢንቲጀር ላይ ደረስን። አንድ፣ ሁለት ብለን የምንቆጥርበትን መቁጠሪያ ቁጥር ብለናል። ዜሮ ሲጨመርበት ሙሉ ቁጥር። ከዜሮ በታች ያሉት ሲገቡበት ግን ስም አጣን።

"ኢንቲጀር ብለን እንለፈው" አልኩ። "ሾላ ገበያ ከዜሮ በታች ሽንኩርት የሚሸጥ አለ እንዴ?"

"ጋሼ፣ ማሽኑ ሽንኩርት አይሸጥም" አለኝ ጉዲና። "ፕሮግራም ስጽፍ ምን ዓይነት ቁጥር እንደሚመጣ ለማሽኑ አስቀድሜ መንገር አለብኝ። ይሄኛው ክፍልፋይ የለውም፤ ከዜሮ በታችም ይወርዳል። ያልተሸረፈ ነው። ድፍን ቁጥር እንበለው።"

ሁላችንም ወደድነው። ምሳሌ ግን ጠፋ። ሻይ ሲመጣ እኔ፣ "የቀበሌያችን ስኳር አለላችሁ አይደል? ባለፈው ወር ዜሮ ደረሰን። በዚህ ወር ደግሞ የቀድሞውን መልሱ ሳይሉን አይቀሩም" አልኩ።

ጉዲና እንባው እስኪወጣ ሳቀ። ካርዱን ሳበና ያልኩትን ምሳሌ አድርጎ በራሱ እጅ ጻፈው። ከታች የሰፈረው ስም የእሱ ነበር፤ ቃሉን ያመጣው እሱ ነዋ። ካርዶቹ እንዲጸድቁ ወደ በላይ አካል ከመሄዳቸው በፊት ምሳሌውን መለወጥ የእኔ ሥራ ነበር። ረሳሁት።

ጉዲናን ከሥራ ቦታው ወሰዱት። በሦስተኛው ቀን እኔን ጠሩኝ። ካርዱ መርማሪው ፊት ተቀምጧል።

"ጓድ ገብረእዝጊ፣ ይህ የማን ጽሑፍ ነው?"

"የጉዲና።"

"ስሙስ?"

"የእሱ ነው።"

"ሐሳቡን የሰጠው ሌላ ሰው አለ?"

"እኔ የማውቀው የለም" አልኩ።

ከዚያ ስለ አንቺ ጠየቀኝ። የምትማሪበትን ከተማ ያውቀዋል።

በማግስቱ እህቱ ሉሊት ቤታችን መጣች። እናትሽ፣ "ከጴንጤ ጋር መዛመድ መጨረሻው ይኸው ነው" ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ሉሊት አልተቀመጠችም።

"ጋሼ፣ ወንድሜ በምሳ ዕቃው ክዳን ውስጥ ወረቀት ልኮልኛል። 'ምሳሌው የእኔ አይደለም፤ የማን እንደሆነ ግን አልናገርም' ይላል። እርስዎ እዚያ ነበሩ። ማን ነው የተናገረው?"

"እሱ ነው" አልኳት።



"ለእኔ እንኳን ይዋሻል ብዬ አላሰብኩም ነበር" አለችና ወጣች።

ከፋሲካ በኋላ በነበረው ማክሰኞ ስንቁን ይዛ ሄደች። ምሳ ዕቃውን አልተቀበሏትም። ልብሱንና ጫማውን ሰጥተው መለሷት። ትርጉሙን ታውቂዋለሽ። ለቅሶ አልተቀመጡም፤ ተከልክለዋል።

እውነቱን የነገርኩት ለአንቺ ብቻ ነው። እናትሽም አታውቅም። ይህን በእጁ የሚያደርስልሽ ጎረቤታችን አብዱልገኒ ነው። አንብበሽ አቃጥዪው።

መልስሽን ግን በፖስታ ላኪው። እዚህ ሲደርስ እንደሚከፍቱት አትርሺ። ስለ ጉዲና ዝም ብትዪ ይጠረጥሩሻል። ስለዚህ፣ "ጥፋተኛ መሆኑን ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ሰው መሆኑን ባውቅ ኖሮ አልታጭለትም ነበር" ብለሽ ጻፊ። ይህንኑ፣ ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ። በሰኔ የትምህርት ፈቃድሽ ይታደሳል፤ ፈቃዱን የሚያየው ያው መርማሪ ነው።

እናትሽ ጉንጭሽን ስማለች። እግርሽን እንቅፋት አይምታው፤ ክፉ ዓይን አይይሽ፤ በወጣሽበት በሰላም ያግባሽ።

አባትሽ
ገብረእዝጊ