እናትሽ ያየችው ሲኒማ

አክሮን፣ ኦሃዮ
እሑድ፣ ኦክቶበር 6 ቀን 1929

ለምወድሽ ልጄ ለቬርና፣

ይህን ደብዳቤ ቆመሽ አታንብቢው። ወንበር ፈልጊና ቁጭ በይ። የምታምኚያት ጓደኛ ካለችሽም አጠገብሽ ትሁን።

እናትሽ አርፋለች። ሴፕቴምበር 11፣ ረቡዕ ጠዋት ነው። ሳንባዋን ብርድ መታት፤ ስድስት ቀን ተኛች፣ በሰባተኛው ሄደች። ገና እንደታመመች ቴሌግራም ልኬልሽ ነበር፤ «በዚህ አድራሻ እንዲህ የሚባል ሰው የለም» ተብሎ ተመለሰልኝ። በመጨረሻ ጎረቤታችን ሚስስ ብሬናን ወደ ፊልም ኩባንያው ስልክ ደውለው አሁን የምትኖሪበትን አድራሻ አገኙልኝ። እንግዲህ አልደረስኩላትም ብለሽ ራስሽን አትውቀሺ። አላወቅሽም።

ፊት ለፊት ሆኜ በእጄ ብነግርሽ ይሻል ነበር። ወረቀት ላይ ሲሰፍር ነገሩ ይደርቃል። ግን ካሊፎርኒያ ሩቅ ነው፤ በስልክ እንዳልነግርሽ ደግሞ እኔ ያው ጆሮ የሌለኝ እኔ ነኝ።

ከሞቷ ይልቅ አንቺን ሲኒማ ላይ ያየችበትን ቀን ልንገርሽ።

እኔና እናትሽ የቅዳሜ ሲኒማ እንዴት እንደምንወድ ታውቂያለሽ። ትንሽ ሆነሽ መሃላችን ትቀመጪ ነበር። የተዋናዮቹ ንግግር በጽሑፍ ሸራው ላይ ብቅ ሲል አዳራሹ ሁሉ እኩል ያነባል፣ እኩል ይስቃል። ፋብሪካ ስሄድ፣ ሥጋ ቤት ስገባ፣ ቤተ ክርስቲያን ስቀመጥ የሰው አፍ እያየሁ የምኖር ሰው ነኝ። እዚያ ግን ማንንም አልጠብቅም ነበር። ባለፈው ክረምት በትልቁ መንገድ ላይ ያሉት ሲኒማ ቤቶች አንድ በአንድ የሚናገረውን ማሽን አስገቡ። ጽሑፉ ቀረ። የኛ ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ በር ላይ የተለጠፈውን ሥዕል አይተው ወደ ቤታቸው መመለስ ጀመሩ።

ከኔ ጋር ጎማ የሚሠራው ኦቶ ምሳ ላይ ተነስቶ በእጁ፣ «ሰሚዎቹ ሁሉም ነገር ነበራቸው። ለኛ አንዲት ነገር ብትኖረን እሷንም ቀሙን» አለኝ። ቀጥሎም፣ «ደግሞ ያንተዋ ልጅ ከቀሚዎቹ ጋር ናት» ብሎ አሾፈብኝ። ሳቅሁ።

በኤፕሪል ያንቺ ፊልም እኛ ከተማ ገባ። እናትሽ ሰማያዊ ቀሚሷን አውጥታ እንደ ዘመኑ ልጆች እስከ ጉልበቷ አሳጠረችው።

«ምነው?» አልኳት።

«ልጄ ፊት አሮጊት መስዬ አልቀርብም።»

«አታይሽም እኮ፣ ሥዕል ናት።»

«አንተ ዝም ብለህ ጫማህን ጥረግ» አለችኝ።

ሚስስ ብሬናን የምትናገሪውን ሊጽፉልን ደብተርና እርሳስ ይዘው መሃላችን ተቀመጡ። ብቅ ስትይ እናትሽ በሳቸው ላይ ተሻግራ ክንዴን ጨመቀችኝ። ፀጉርሽን አሳጥረሽዋል፤ አምሮብሻል። አፍሽ ይንቀሳቀሳል። ከንፈር በማንበብ እናትሽን የሚያህል አልነበረም፣ ያን ቀን ግን አልሆነላትም፤ ፊትሽ አንዴ ይዞራል፣ አንዴ ይርቃል። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሚስስ ብሬናንም ሳቁና መጻፉን ረሱት። እናትሽ እጃቸውን እየነካካች፣ «ምን አለች? ልጄ ምን አለች?» ትላለች። ጽፈው እስኪያሳዩን ሰው በሌላ ነገር እየሳቀ ነው። ልጄ፣ እዚያ ሲኒማ ቤት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ደንቆሮ የሆንኩት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ልትዘፍኚ ቆምሽ። እናትሽ ከመቀመጫዋ ተነሳች። በዳር በኩል እስከ ፊት ሄደችና፣ የድምፁ ሣጥን ከኋላው አለ በተባለው ግድግዳ ላይ ሁለት መዳፎቿን አሳረፈች። አስተናባሪው ሊያስወጣት መጣ። ሚስስ ብሬናን ሮጠው በጆሮው አንድ ነገር ነገሩት፤ ኮፍያውን አውልቆ ተመለሰ። ወለሉ ከእግሬ ሥር ሲንቀጠቀጥ ይሰማኝ ነበር። ሰው እንዲህ የወደዳት ልጅ የኔ ናት ብዬ ኮራሁ።

ስትመለስ ፊቷ ሌላ ነበር።

«ሰማኋት» አለችኝ። «በእጄ ውስጥ ገባች። ሕፃን ሆና ደረቴ ላይ ስታለቅስ የማውቃት እንዲህ ነው።»

በማግስቱ ሚስስ ብሬናን ደጃፋቸው ላይ ለብቻዬ አስቆሙኝና አንድ ወረቀት ሰጡኝ። «ሚስተር ቲልደን፣ ልደብቅዎ አልቻልኩም። ቬርና መዝፈን ስትጀምር ማሽኑ ተበላሸ። ድምፅ አልነበረም። ሰው ተናዶ ወለሉን በእግሩ ሲደበድብ ነበር» ይላል። ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። እናትሽ ሳታውቅ ሞተች። ላንቺ የምነግርሽ ይህን ብቻዬን ተሸክሜ መኖር ስላቃተኝ ነው።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ።

በጁን ወር ኦቶ ፎቶሽ ያለበት መጽሔት ይዞልኝ መጣ። ያን ቀን አላሾፈም። አጥፎ ሰጠኝና ወደ ሥራው ሄደ። ወላጆችሽ በ1918ቱ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ እንደሞቱ፣ ፒያኖ የምታስተምር አክስት እንዳሳደገችሽ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ሙዚቃ በማይለየው ቤት እንዳደግሽ ይላል። እናትሽ እንዳታየው ፋብሪካ ሣጥኔ ውስጥ፣ ከሥራ ልብሴ ሥር ቀበርኩት።

ከቀብሯ በኋላ የስፌት ሣጥኗን ከፈትኩ። ለካ እሷም መጽሔቱን አግኝታው ኖሯል፤ ያው ፎቶ እዚያ አለ። በመቀስ ዙሪያውን ቆርጣዋለች፤ አንዲት ፊደል እንኳ ዳሩ ላይ አልተረፈችም። የተጻፈ ነገር መጣል የማትችለዋ እናትሽ ናት እንዲህ ያደረገችው። እኔ ከሷ ደብቄ፣ እሷ ከኔ ደብቃ፣ አንድ ገበታ ላይ ሦስት ወር በላን።

ልጄ፣ ክፉ አላሰበችብሽም። ብታስብ ፎቶውን አታስቀምጥም ነበር። ኩባንያው ነው የጻፈው፣ አንቺ አይደለሽም ማለት እችላለሁ፤ አንቺም እንደዚያ ብትይኝ አምንሻለሁ። ራስሽ ብለሽውም ከሆነ ግን አልፈርድብሽም። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ስምንት ዓመትሽ ነበር። እናትሽ ወንድምሽን ልትወልድ ስታምጥ አንቺና እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆመናል። ሐኪሙ ወጣ፤ እኔን አየኝ፣ አንቺን አየሽ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ላንቺ ነገረሽ። እነዚያን ትንንሽ እጆችሽን አነሳሽና «ሕፃኑ ሞቷል» አልሽኝ። ሐኪሙ ለእናትሽም እንድትነግሪያት በሩን ከፈተልሽ። አንቺ ገባሽ። እኔ ቆሜ አየሁሽ። እኔ ነበርኩ ልነግራት የሚገባኝ፤ ለሱ ጆሮ አያስፈልግም ነበር። ድፍረት አጣሁና ልጄን ላክሁ። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ይቅርታ ልጠይቅሽ አስቤ እጄን ወደ ኪሴ መለስኩ።

ባንክ ቤት፣ ሐኪም ቤት፣ አከራይ ጋ፣ የኛ ጆሮና አፍ ሆነሽ አደግሽ። መንገድ ላይ በእጃችን ስናወራ ሰው ሲያፈጥብን ፊትሽ ሲቀላ አይቻለሁ። ሙዚቃ የሞላበት ሌላ ቤት ብትመኚ ምን ይገርማል?

የእናትሽ ቀብር መልካም ነበር። የኛ ሰዎች ከፋብሪካው አርባ የሚሆኑ መጡ፣ ከክሊቭላንድም መጡ። መዝሙሩን ሁሉም በእጃቸው ዘመሩ። ሰማያዊ ቀሚሷን አለበስናት።

እኔ ደህና ነኝ። ምግብ እበላለሁ። ማታ ማታ በእጄ የማወራው ሰው ስለሌለ እጆቼ ሥራ ፈተዋል፤ ሌላ የጎደለኝ የለም። ና በይኝ ወይም እመጣለሁ በይ አልልሽም። ሥራሽ ላይ ቆዪ። እግዚአብሔር ድምፅሽን ይጠብቅልሽ፣ የሚሰማሽም ሰው አያሳጣሽ።

ፖስታው ላይ የላኪ ስም ብዬ የሚስስ ብሬናንን ስም ጽፌያለሁ። እዚያ ያሉት ሰዎች ቲልደን የሚል አይተው፣ ሞቱ አላልሽም ወይ ብለው እንዳያፋጥጡሽ ነው። ማን ናት ካሉሽ፣ የድሮ ጎረቤታችን ናት በያቸው። መልስ ስትጽፊም በሳቸው ስም ላኪው፤ ፖስተኛው ካለፈ በኋላ ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ። እዚህ ታች ላይ ግን የራሴን እጽፋለሁ፤ አንብበሽ ስትጨርሺ ደብዳቤውን ብታቃጥዪው አይከፋኝም።

አባትሽ
ሩፈስ ቲልደን