የባዚል አቁማዳ

ባዚል

ውድ ወንድሜ፣ የእናቴ ልጅ፣ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? በረዶ የነካው የግራ እግርህ ጣት ተሻለህ ወይ? ጥርስህስ? ሳልህስ ለቀቀህ? ሌሊት ስትተኛ ጀርባህ ይሞቃል ወይ? እኔ እህትህ ኡርሱል፣ ከናፍቆትህ በቀር፣ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ። እማማም ደህና ናት። ከጋሪ ስናወርዳት ጉልበቷ ይንቋቋል፤ ምላሷ ግን አንተ እንደምታውቀው ነው፣ ምንም አልዶለዶመም።

ይህ ደብዳቤ ከአቁማዳው መሀል፣ ልክ ግማሹ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ እዚህ ቃል ላይ ስትደርስ ወቅጬ በስብ ከለወስኩልህ ደረቅ ሥጋ፣ ከፔሚካኑ፣ ቢያንስ ግማሹን በልተሃል ማለት ነው። አስቤበት ነው። የራበው ሰው ደብዳቤ ሲያነብ ቃሉን ሁሉ ያጣምመዋል፤ አንተ ደግሞ ከልጅነትህም ሆድህ ሲጎድል ነገር አይገባህም ነበር። በዛፍ ቅርፊት ሸፍኜ በሙጫ ዘግቼዋለሁ፣ ከላዩም በጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ። ስቡ ዘልቆ ገብቶ ፊደሉን አደብዝዞት ከሆነ ፀሐይ ፊት ይዘህ አንብበው።

ለአደን ከቤት ከወጣን ሰባተኛ ሳምንታችን ነው። ዘንድሮ ጎሹ እንደ ጉድ ነው፤ ሴቶቹ ሁሉ እጃችን እስከ ክርናችን ስብ በስብ ሆኗል። ሜዳው በሙቀት ይርገበገባል፤ ሥጋው መስቀያው ላይ እንደታጠበ ልብስ ተሰጥቷል፤ ከሥሩ የሚነሳው ጭስ ነፋስ ስለሌለ መሄጃ አጥቶ ሰፈሩን ይዞራል። እንዲህ ባለ ቀን የነቃሁ ይሁን የተኛሁ አይለየኝም። ስወቅጥ፣ ስወቅጥ፣ ከጭሱ ማዶ ሰው ሲመጣ አያለሁ። ትከሻውን ወደ አንድ ጎን ጣል ያደርጋል፤ አንተ ነህ። መውቀጫዬን አስቀምጬ እነሳለሁ። ሲቀርብ ባሌ ፓስካል ሆኖ ይገኛል። ፊቴን አይቶ «ምነው ኡርሱል፣ ባልሽ መሆኔን ገና ዛሬ ነው የሰማሽው?» ይለኛል። ማንን እንደምጠብቅ ስለሚያውቅ አይቆጣኝም።

እማማ ደግሞ ጠዋት ጠዋት፣ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ አንተ የበላኸውን ትነግረናለች። ከሄድክ ጀምሮ ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው። «ዛሬ ነጭ ዓሣ ነው። ጉንጩን ለሌላ ሰው ሰጠው፣ ይሄ ሞኝ» ትላለች። ሌላ ቀን «የአጋዘን መቅኔ አግኝቷል፤ ዝም በሉ፣ አጥንቱን እየሰበረ ነው» ትላለች፤ እኛም የሚሰማ ይመስል ዝም እንላለን። ልጄ ፔላጂ አንድ ጊዜ «አያቴ፣ ለእኔም አስቀምጥልኝ በይው» ብላ አሳቀችን። አንድ የበረዶ ቀን ግን እማማ ነቅታ ብዙ ከቆየች በኋላ «ዛሬ አልበላም» አለች። ያን ቀን እሷም እስኪመሽ ድረስ ምንም አልቀመሰችም። ቂጣውን ባቀርብላት በመዳፏ ወደ እኔ መልሳ ገፋችው።

ከሰሜን፣ ከቆዳ ነጋዴዎቹ ምሽግ የላክሃትን አንዲቷን ደብዳቤ በቃሌ ይዣታለሁ። ለሰሜኑ ጉዞ የቀጠሩህን የእንግሊዞቹን ስንቅ የጻፍክበትን ቦታ ፓስካል ሰው በተሰበሰበ ቁጥር «እስቲ አንብቢልን» ይለኛል። እንደ ድንጋይ የደረቀ ብስኩት፣ በጨው የታሸ የአሳማ ሥጋ፣ ሙጫ መስሎ የተቆራረጠ ደረቅ ሾርባ፣ ቸኮላት በቆርቆሮ፤ ካፒቴኑማ በረዶ ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ በሹካ ይበላል ብለሃል። ሐኪማቸው የእኛን ፔሚካን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀምሶ፣ ከጥርሱ መሀል የጎሽ ፀጉር እየጎተተ «ይህ ምግብ ነው ወይስ ሻማ?» ሲልህ፣ «ጌታዬ፣ ሲጨልም ያውቁታል» ያልከው ጥርስ አያስከድንም። ጨለመባቸውም። ቸኮላቱም ብስኩቱም አልቆ፣ ሐኪሙ ጢሙ ላይ የቀረውን የፔሚካን ፍርፋሪ እየለቀመ ሲበላ አየሁት ብለሃል። እዚያ ላይ ሁሉም ይስቃል። እኔ ግን ስቄ አላውቅም፤ ለምን እንደማልስቅ ዛሬ ልንገርህ።

የሄድክበትን ዓመት ታስታውሳለህ፣ ዝናቡ አልለቀቀንም ነበር። የጉዞው ሰዎች ቸኩለው ነበርና ካፒቴኑ አሥር አቁማዳ ሞልታ ቀድማ ላስረከበች ሴት ቀይ ጨርቅ እሰጣለሁ አለ። ጋሪ ላይ ዘርግቶ አሳየን፤ ፍም የመሰለ ቀይ። እኔ እንደዚያ ያለ ነገር ለብሼ አላውቅም። ስምንቱን አቁማዳ በደረቀ ሥጋ ሞላሁ፤ ለሁለቱ ግን መስቀያው ላይ የቀረው ሥጋ ገና ነበር። እጄን ሳሳርፍበት ይቀዘቅዛል። እማማ ጎንበስ ብላ አየችውና «ይሄ ገና ያለቅሳል» አለችኝ። «መንገድ ላይ ይደርቃል እማማ፣ ስቡ ይይዘዋል» ብዬ ወቀጥኩት፤ የዱር ፍሬ ጨመርኩበት፣ የፈላ ስብ አፈሰስኩበት፣ በጅማት ሰፋሁት። ጨርቁን ወሰድኩ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ ግን ያፈሰስኩትን መልሼ የምለቅምበት ጊዜ እንኳ አላገኘሁም፣ ጀልባው ሄደ። ከሁለቱ አንዱን፣ ፍሬው የበዛበትን፣ ለአንተ ይሁን ብዬ ስፌቱ ጥግ ላይ ሦስት ቋጠሮ አሰርኩበት። ጀልባው ላይ ሆነህ «ጣፋጩ የቱ ነው?» ብለህ ስትጮህ በጣቴ ያሳየሁህ እሱን ነው።

እርጥብ ሥጋ አቁማዳ ውስጥ ሲታፈን ምን እንደሚሆን አንተም እኔም እናውቃለን። አረንጓዴ ሻጋታ ያወጣል፣ ሰው ይገድላል። ይህን ሆዴ ውስጥ ይዤ ኖርኩ፣ ለባሌም አልተናገርኩም። ጨርቁንም አንድ ቀን አልለበስኩትም።

ባለፈው የበረዶ ወራት ካፒቴኑ ሰባት ሰው ብቻ አስከትሎ ወደ ምሽጉ ተመለሰ። ጀልባ ቀዛፊው አጎታችን ቱሴን የተረፉትን አግኝቶ ጠይቋቸዋል። ድንጋይ ላይ ተለጥፎ የሚበቅለውን ጥቁር የድንጋይ ሽበት እየፋቁ ቀቅለው በሉ፤ እሱ ሆዳቸውን ሲያጥበው ያረጀ ጫማቸውን ጠብሰው በሉ፤ ቀጥሎም የድንኳኑን ቆዳ። ለመመለሻ ብለው ከድንጋይ ክምር ሥር የቀበሩት ስንቅ ጋ ሲደርሱ አንተ ትኩሳት ይዞህ መራመድ አቅቶህ ነበር። ከአንድ ሐይቅ ዳር፣ ከጥድ ሥር ትተውህ ሄዱ። በኋላ ሰው ልከው ቢያስፈልጉህ አልነበርክም። «ባዶ እጁን አልተውነውም» አሉት አጎቴን፤ «አንድ አቁማዳ ሰጥተነዋል። ራሱ ነው የመረጣት፣ እህቴ የሰፋችው ናት ብሎ።» አጎቴ ይህን ያወራልን ሊያጽናናን ብሎ ነበር። እኔ ተነስቼ ወጣሁና ከቤቱ ጀርባ በረዶው ላይ አስታወክሁ።

በረዶው ቀልጦ ጀልባ መሄድ ሲጀምር አጎቴ ከሰሜን ተመልሶ መጣና የታጠፈ አሮጌ ቆዳ ጭኔ ላይ ጣለልኝ። «ይሄ ስፌት የማነው? ያንቺ አይደለም እንዴ?» አለኝ። አንድ የሰሜን አዳኝ ቆዳዎቹን ጠቅልሎበት ወደ ምሽጉ አምጥቶት ነው። ከየት አገኘኸው ቢለው፣ ከትልቁ ሐይቅ ማዶ ከሰፈሩ ሰዎች በዓሣ መረብ ለወጥኩት ብሎታል፤ ከዚያ ሌላ የሚያውቀው የለም። ጭኔ ላይ ዘርግቼ ከፈትኩት። በአንድ በኩል፣ መዳፌን በሚያክል ቦታ፣ ቆዳው ጠቁሯል፤ የሻጋታው ሽታ እስከ ዛሬ አለ። የፈራሁት እውነት ነበር። ነገር ግን ያ ቦታ ዙሪያውን በቢላ ተፍቋል፤ ክፉው ለብቻ ተለይቶ ወጥቷል። የቀረው ቆዳ ደግሞ ተልሶ ተልሶ ነጥቷል። ስፌቱም አልተቀደደም፤ ከጥግ ጀምሮ ቀስ ተብሎ የተፈታ ነው። ጅማቱም ተጠቅልሎ፣ በሦስት ቋጠሮ ታስሮ፣ ውስጡ ተቀምጧል። ትንሽ ሳለህ ጅማት በቢላ ልትቆርጥ ስትል እጅህን እየመታሁ «ነገ የሚሰፋ ነገር አይቆረጥም» እልህ ነበር፤ ትዝ ይልሃል?

ከዚያ ወዲህ ህልሜ ተለወጠ። ድሮ በህልሜ አቁማዳውን ስትፈታው አይና አትብላ ብዬ ልጮህ ስል ድምፄ አይወጣም ነበር። አሁን ትልቁ ሐይቅ ዳር ተቀምጠህ አይሃለሁ። ፀሐይዋ ውሃው ጫፍ ላይ ደርሳ መጥለቁን ትታዋለች፤ ውሃው ስብ የፈሰሰበት ይመስል አይንቀሳቀስም። አንተ ቀስ ብለህ ታኝካለህ። «ጣፋጩ የቱ ነው?» እልሃለሁ። አፍህ ስለሞላ አትመልስልኝም፤ በጣትህ ወደ ሆነ ቦታ ታሳየኛለህ፤ የት እንደሆነ ሳላይ እነቃለሁ።

ከአዳኞቹ ጋር የሚጓዙት ቄስ፣ አባ ዴሲሬ፣ ግን በሕይወት መኖርህን አይቀበሉም። በቅድስት ሐና ዋዜማ ወደ ድንኳናችን መጥተው ወረቀትና ቀለም ሰጡኝ። «ቆዳ ምስክር አይሆንም ልጄ፤ የሞተ ሰው ዕቃም ከእጅ እጅ ይዞራል። ስሙን ጻፊልኝና ከበዓሉ ማግስት ከሙታን ጋር ፍትሐት ይደረግለት። እናትሽም አልቅሳ ይውጣላት» አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሲናገሩ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እኔም ብዕሩን ነክሬ ስምህን ጻፍኩ። ቀለሙ ሳይደርቅ እማማ ገባች።

ያን ጊዜ ነው ሁሉን የነገርኳት። እርጥቡን ሥጋ፣ ጨርቁን፣ ምንም አላስቀረሁ። «እኔ ነኝ የገደልኩት» አልኳት። እማማ አጠገቤ ቁጭ አለች። «አውቃለሁ» አለችኝ። «ሥጋው ሲያለቅስ ያየሁት እኔ አይደለሁ? ከእጅሽ ልነጥቅሽ እችል ነበር። ግን ያንን ቀይ ጨርቅ ለብሰሽ ላይሽ ጓጓሁና ዝም አልኩ።» ሁለታችን ከአንድ ድስት እየበላን፣ ያንኑ አንድ ነገር ስንደባበቅ ኖረናል። ተቃቅፈን አለቀስን። በኋላ ጅማቱን ከጉያዋ አውጥታ ወረቀቱ ላይ አስቀመጠችው። «ለማንኛውም» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች፣ «የሞተ ሰው ጅማት ጠቅልሎ አያስቀምጥም።»

በፍትሐቱ ቀን አባ የሙታኑን ስም ሲያነቡ አንድ ቦታ ላይ ቆም ብለው ወደ እኛ አዩ። እማማ አገጯን ቀና አድርጋ አየቻቸው። ወደሚቀጥለው ስም አለፉ።

የዚህን አቁማዳ ሥጋ አሥር ቀን ነው ያደረቅሁት። ሴቶቹ «ኡርሱል ጫማ ልትሰፋበት ነው» ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ። እማማ በየቀኑ እየመጣች ጆሮዋን ወደ መስቀያው ታስጠጋ ነበር፤ በመጨረሻ «ዝም ብሏል» አለችኝና ወቀጥኩት። ፍሬውንም ለብቻው አድርቄዋለሁ፣ ፀጉሩን አንድ በአንድ ለቅሜዋለሁ። ደብዳቤው የተጠቀለለበት ጨርቅ ያው ቀዩ ነው። ለእኔ አይሆንም። እግርህን ጠቅልልበት፤ እዚያ አግብተህ ከሆነም ለሚስትህ ስጣት። አግብተህ፣ ወልደህ፣ እዚያው መኖር ወደህ ከሆነ አልቀየምህም፣ ለምን አልመጣህም አልልህም። አጎቴ ያንን አዳኝ ፈልጎ አቁማዳውን በእጁ ይሰጠዋል፣ እሱም ከሐይቁ ማዶ ያደርሰዋል። የምለምንህ አንድ ነገር ነው። በልተህ ስትጨርስ ባዶውን መልስልኝ፣ ጅማቱን እንደ ልማድህ ጠቅልለህ። ሌላ መልስ አልፈልግም።

እማማ እልፍ ጊዜ ትስምሃለች፤ ቀስ ብሎ ያኝክ በይው ትላለች። ፓስካል «ወይ ና፣ ወይ ከጭሱ ውስጥ ውጣልኝ» ይልሃል። ፔላጂ ያስቀመጥክላት መቅኔ እንዳይበላሽ አደራ ብላሃለች። አጎታችን ቱሴን ሰላም ይልሃል፤ መቅዘፊያህን ማንም እንዲነካው አልፈቀደም። አባ ዴሲሬ ሰላምታ አልላኩም፤ ያዘዙት ፍትሐት ስለቀረባቸው ይሆናል። ሙጫውን እሳት ላይ ያቀለጡልኝ ግን እሳቸው ናቸው።

ስምህ ከላይ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይቀድመው፣ ብቻውን በትልቁ መጻፉ ገርሞህ ይሆናል። ይህ ወረቀት አባ የሰጡኝ ወረቀት ነው። ለፍትሐት የጻፍኩትን ስም አልሰረዝኩትም፤ ከሥሩ «ውድ ወንድሜ» ብዬ ቀጠልኩበት።

እህትህ ኡርሱል
ከአደን ሰፈር፣ ከቀይ ወንዝ በስተምዕራብ
ቅድስት ሐና በዋለች በሦስተኛው ቀን፣ 1834 ዓ.ም.