ሥነ ጽሑፍ ተምሮ ምን ይሠራል?

ሰኞ፣ ጥር 6

ክፍል ውስጥ ሦስት ተማሪዎች። አንዱ ተኝቷል፤ አልቀሰቀስኩትም። እኔም ብተኛ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ግጥም ሁለቴ አነበብኩላቸው። ፈተና ላይ ይመጣል ወይ አለች አንዷ። ይመጣል አልኳት... ምን ልበል?

ከሰዓት የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጠራኝ። ለመጪው ዓመት አሥራ አምስት ሰው ካልተመዘገበ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ይዘጋል። ለአመልካቾች የሚለጠፍ አንድ ገጽ ጻፊ አለኝ፤ ይህን የተማረ ሰው ምን ሥራ ያገኛል? ብዕርሽ ያምራል ብሎም ሸነገለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት አስተምሬ ጥያቄውን ገና ዛሬ ማሰቤ...

ረቡዕ፣ ጥር 8

የድሮ ተማሪዎቼ ጋ ስደውል ዋልኩ። አንዱ ሴራሚክ ይሸጣል። አንዷ የመድኃኒት መግለጫ ትተረጉማለች። ሌላው የአውሮፕላን ቲኬት ይቆርጣል።

"ነጥቧ" ግን አላነሳችም። አራት ነጥብ ሳታደርግ ከወረቀቷ ቀና ስለማትል ነው ስሙ የወጣላት። ከሁሉም ተስፋ የጣልኩት በእሷ ነበር።

እሑድ፣ ጥር 12

ገጹን ጻፍኩ። ጋዜጠኛ፣ አርታኢ፣ ተርጓሚ፣ ዲፕሎማት... ዲፕሎማት የሆነ ተማሪ መቼ ኖሮኝ ያውቃል? በስልክ ሳነብለት ኃላፊው ጮቤ ረገጠ።

ምሳ ላይ ልጄ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ምርጫዋ ሥነ ጽሑፍ መሆኑን ነገረችኝ። አካውንቲንግ ይሻልሻል አልኳት። ገጹን አይታዋለች ለካ። ሌላውን እየጠራሽ እኔን ለምን ትከለክይኛለሽ አለች።

"እንደ እኔ ደክመሽ እንድታረጂ አልፈልግም።"

"ያደከመሽ ትምህርቱ ነው ወይስ እኔን ብቻሽን ማሳደጉ?"

ተነስቼ ሳህን አጠብኩ።

ሰኞ፣ ጥር 13

እንደተኳረፍን ነን። ሻይ ቀድታልኝ ወጣች።

ሐሙስ፣ ጥር 16

ነጥቧ ደወለች። ኢንሹራንስ ቤት ነው የምትሠራው። አደጋ ደረሰብን የሚሉ ሰዎች የጻፉትን እያነበበች እውነቱን ከውሸቱ ትለያለች። ያኔ አንድ አንቀጽ ሦስት ቀን ሳስነብባቸው ያማርሩ ነበር፤ አሁን እንጀራዋ ሆነ። ሰው ሊዋሽ ሲል ዓረፍተ ነገሩ ይረዝማል አለችኝ። ሳቅን። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ።

"ቲቸር፣ ደራሲ ትሆኛለሽ ብለውኝ ነበር። አንድ መስመር አልጻፍኩም። ስልኩን ያላነሳሁት አፍሬ ነው።"

ማፈር ያለብኝስ እኔ... ለሃያ ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ ሸክም ይሰጣል? ይቅርታ ጠየቅኳት። መማርሽ ይቆጭሻል ወይ አልኳት።

"አይቆጨኝም። ይደክመኛል እንጂ አልሰለቸኝም።"

ዓርብ፣ ጥር 17

ገጹን ቀደድኩት። ሌላ ጻፍኩ። ሴራሚክ ሻጩን፣ ቲኬት ቆራጩን፣ የመድኃኒቷን፣ የኢንሹራንሷን... እንዳሉ። ሥራ ቶሎ አይገኝም፣ ሰው የጻፈውን አጥርቶ ማንበብ ግን ይለመዳል ብዬ ጨረስኩ። ኃላፊው ይሄ ማስታወቂያ ነው ወይስ ኑዛዜ አለ። ጊዜ ስላልነበረው ለጠፈው።

ልጄ ሰሌዳው ፊት ቆማ ስታነብ ከመስኮት አየኋት። ረጅም ሰዓት ቆመች።

ማክሰኞ፣ የካቲት 12

አሥራ አንድ ሰው። ተዘጋ። ከመጪው ዓመት ጀምሮ ለነርሲንግ ተማሪዎች መሠረታዊ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ኃላፊው ከልቡ አዘነ። እኔ እንኳን... እንቅልፌ ብቻ መጣ።

ከአሥራ አንዱ አንዷ ልጄ ናት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 16

ሌላ ከተማ ያለ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ይቀበላል አሉ። ልጄ ቅጹን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ቆመች። የወላጅ ፊርማ ይላል። አልተከራከርኳትም። የሚከብድሽ ቀን ይመጣል፣ ያን ቀን ደውዪልኝ አልኳት።

"እማዬ፣ ልትፈርሚ ነው ወይስ ልታርሚ?"

ለካ ቀይ እስክሪብቶ ይዣለሁ። ሳቀች። ሰማያዊ ፈልጋ ሰጠችኝ። ፈረምኩ።

ሃያ ሁለት ዓመት የሰዎችን ልጆች ስቀበል ኖርኩ። መስጠት እንዲህ እንደሚከብድ የነገረኝ አልነበረም።