ቁም ሳጥንሽ ከጀልባው ወጣልሽ

ለናፍቆቴ፣ ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለሜ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ያ ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? እንቅልፍሽስ ተመለሰልሽ? አክስታችን እንዴት ናት፣ ጉልበቷ ደረጃ ያስወጣታል? ሾፌሩ ባሏስ ከመንገድ በሰላም ይገባል? መንታዎቹ ልጆቿስ አሁንም አንዱ ያጠፋውን በሌላው ያሳብባሉ? እኛ ሁላችን ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፣ እንደ ልማዷ ከእኔ ጋር ትጨቃጨቃለች። ሚስቴም ልጄም ደህና ናቸው። እኔ ግን ከደህናም አልፌያለሁ፤ ሰሞኑን አንጀቴ ቅቤ ጠጥቷል። ለምን እንደሆነ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ነገሩ የዚያ «ካፒቴን» እያሉ የሚጠሩት ያገባሽ ሰውዬ ጉዳይ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ በእኛ ቤት ግን የተወጋሽው አንቺ፣ ቂሙን የያዝኩት እኔ ነኝ። ተፋትታችሁ ልብስሽን ብቻ ይዘሽ ትኖሩበት ከነበረው ጀልባ ስትወርጂ፣ አባባ ለሰርግሽ ብሎ እዚያው ጀልባው ክፍል ውስጥ የሠራልሽን ቁም ሳጥን ስንጠይቀው፣ ሽማግሌዎቹ ፊት እግሩን አነባብሮ «በበሩ መውጣት ከቻለ የሷ ነው፣ ካልወጣ የጀልባው ነው» አለ። በሩ ጠባብ፣ ቁም ሳጥኑ ሰፊ። እኔና አጎታችን ስንጎትት ስንገፋ ላባችን ሲንጠፈጠፍ፣ እሱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይስቅ ነበር። አባባ ያን ጊዜ ታሞ ተኝቷል። ቤት ስገባ ቀና ብሎ «ወጣ?» አለኝ። መሬት መሬቱን አየሁ። የመጨረሻ ጥያቄው እሷ ሆና ቀረች።

አሁን ጌታው ጀልባውን የመንገደኛ ማመላለሻ ማድረግ አማረው። ከዳር እስከ ዳር አግዳሚ ወንበር ሊደረድር ቢነሳ ቁም ሳጥኑ እንደ በሬ ተገትሮበታል። በጀልባ ማቆሚያው ያለ አናጢ ሁሉ ተጠራ። አንዱ ከፊት ቢጎትተው ንቅንቅ አላለም። ሌላው መሮ ሰክቶ ሲፈለቅቅ መሮው ተሰበረ። ራሱ ካፒቴን መጥረቢያ ቢሰነዝር የጀልባው ጎን አብሮ ተንቀጠቀጠ፤ ውሃ እንዳይገባበት ፈርቶ ተወው። መሄጃ ሲያጣ ነው ወደ አባባ የእንጨት ሥራ ቤት የመጣው። እኔ መጋዝ እየሳልኩ ነበር። አንገቱን ደፍቶ «አንተ የአባትህን እጅ ታውቃለህ» አለኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ተቀመጥ ሳልለው ፀሐይ ላይ ቆሞ ሲያወራ ማየቱ ራሱ ያጠግባል።

ዋጋ አልፈልግም፣ ያንን የድሮ ቃልህን ያኔ ከሽማግሌዎቹ አንዱ በነበሩት በመረብ ሠሪው ፊት ድገምልኝ ብቻ አልኩት። ሳቀ። «ምን ችግር አለው! ፈልጠህ ማገዶ አድርገው» አለ። እሳቸው ፊት ቆሞ አፉን ሞልቶ ደገመው። መረብ ሠሪውም «ሰምቻለሁ» ብለው ተከትለውን መጡ።

ገብቼ አየሁት። እጀታዎቹ ዝገዋል፤ አንቺ መስታወት የሰቀልሽበት በር የሞተር ዘይት ተለቅልቋል። እጄን አናቱ ላይ ስሰድ ግን ነገሩ ገባኝ። ያ ሁሉ አናጢ ከፊት ይጎትታል እንጂ ቀና ብሎ ያየ የለም። ጀልባው ሲያረጅ ጣሪያው ቀስ በቀስ ወርዶ ቁም ሳጥኑ ላይ ተቀምጧል። የያዘው ሸክሙ ነው። አንቺ ያንን ሰው ከነጠባዩ እንደተሸከምሽው፣ ቁም ሳጥኑም ጣሪያውን ተሸክሞለት ኖሯል።

ነገርኩት። በኋላ አልነገረኝም እንዳይል መረብ ሠሪው እየሰሙ፣ ይሄ ሲወጣ በምትኩ ምሰሶ ይቁም፣ ጣሪያውን የያዘው ወራጅ ደክሟል አልኩት። «መተላለፊያ ፈለግሁ እንጂ ምሰሶ ፈለግሁ? ስለ ጀልባዬ አንተ ልታስተምረኝ ነው?» አለ። አልደገምኩለትም። የምወደው ሰው ቢሆን ደግሜ እለምነው ነበር።

ክሪክ አቁሜ ጣሪያውን ትንሽ ከፍ ሳደርገው ቁም ሳጥኑ ተላቀቀ፤ ስስበው መጣ። ጀርባውን ያን ጊዜ አየሁት። አባባ አንድ ሚስማር አልመታበትም፤ ሁሉም በእንጨት ችንካር የተያያዘ ነው። ችንካሮቹን እያንኳኳሁ አወጣሁና ጎኑን ለብቻ፣ በሩን ለብቻ፣ መደርደሪያውን ለብቻ አድርጌ እያንዳንዱን ሳንቃ በዚያ ጠባብ በር፣ በካፒቴን አፍንጫ ሥር አሳለፍኩ። ፊቱ እንዴት እንደጠቆረ ብታዪ! «ይሄማ ማታለል ነው» አለ። መረብ ሠሪው «በበሩ ነው የወጣው» ብለው ዘጉት። እኔም ክሪኬን አውርጄ ይዤ ሄድኩ፤ የኔ ነዋ። ከዚያ በቀጥታ አባባ መቃብር ሄጄ «ወጣ» አልኩት። አለቀስኩ፣ አልደብቅሽም።

ብዙም ሳይቆይ ጣሪያው ጎበጠ። ጎብጦ በሩን ነክሶ ያዘው። አዲሶቹ አግዳሚ ወንበሮች ውስጥ ታሽገው ቀሩ፣ መንገደኞቹም ወደ ሌላ ጀልባ ሄዱ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም። ሥራ ስፈታ በዚያ በኩል ዞር እላለሁ፤ ሰላምታም አላጓድልበትም፣ ቆቤን አንስቼ ነው የማልፈው። እማዬ ቂመኛ ትለኛለች። ልክ ናት።

ትናንት ደግሞ መጣ። የጀልባውን ጎንና ጣሪያ ልክክ ብሎ የሚይዘው እሱ ብቻ ስለሆነ ቁም ሳጥኑን መልሰህ ግጠምልኝ ብሎ ለመነኝ። ይህን ጊዜ ወንበር ሰጠሁት፣ መልሱን ተቀምጦ እንዲሰማ። ዕቃው የእህቴ ነው፣ ጽፌ እጠይቃታለሁ አልኩት። ያንቺን ፈቃድ ሊጠብቅ ነው፤ እሱ!

እንግዲህ ይኸው ጠየቅሁሽ። እማዬ ከኋላዬ ቆማ «ይቅር በይው በልልኝ» ስላለች ጽፌዋለሁ፤ እጄ ጻፈ እንጂ ልቤ የለበትም። ያንቺን ሆድ አውቀዋለሁ፣ የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ቁም ሳጥንሽ ተገጣጥሞ፣ ተወልውሎ እማዬ ክፍል ቆሟል። አይሆንም ካልሽ ደብዳቤሽን ደጁ ሄጄ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። ይውሰደው ካልሽ ግን ከአሁኑ ልንገርሽ፣ ደብዳቤሽ አልደረሰኝም።

እማዬ ጉንጭሽን አገላብጣ ስማሻለች። ሚስቴ እጅ ትነሳለች። ልጄ «የአክስቴ ቁም ሳጥን ውስጥ ተደብቄ አጡኝ በልልኝ» ብላለች። አክስታችንን ጉልበቷን ሳሚልኝ፣ ሾፌሩን በርታ በይልኝ፣ መንታዎቹን እኩል ሳሚያቸው። ለሁሉም ሰላምታሽን ላኪ፣ አደርሳለሁ። ለዚያ ሰው ግን ብትልኪ አላደርስም።

ታናሽ ወንድምሽ
ከአባባ የእንጨት ሥራ ቤት፣ ከውሃው ዳር
የካቲት ፲፱ ቀን